ከሐይቅ እስከ ታጁራ፦ ለብቻ ለሚደረግ ረጅም የባሕር ካያክ ጉዞ ደሴ ላይ ሆኖ መዘጋጀት

ደሴ ላይ «ባሕር ልቀዝፍ ነው» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ሳቅ ነው። እኔን ፒያሳ ላይ ያገኙኝ ጓደኞቼ «ጦሳ ተራራ ላይ ማዕበል ተነሣ እንዴ?» ብለው ነበር። ባሕር የለንም፣ እውነት ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ግን ሐይቅ አለ። ከኮምቦልቻም በባቲ ወርዶ በሚሌና በሰመራ በኩል ጋላፊን ተሻግሮ ጅቡቲ የሚገባ መንገድ አለ፤ የጭነት መኪናዎቻችን ሲመላለሱበት ኖረዋል። እኔም አንድ ዓመት ሐይቁ ላይ ተዘጋጅቼ በዚያው መንገድ ወረድኩ፤ የታጁራን ባሕረ ሰላጤም ዳር ዳሩን ብቻዬን ቀዘፍኩ። ቀጥሎ ያለው የዚያ ዓመት ማስታወሻ ነው። ከተሳሳትኩባቸው ነገሮች የጠቀሙኝንም አስገብቻለሁ።

ለማያውቀው፦ ካያክ ከላይዋ የተሸፈነች፣ ጠባብና ረጅም ታንኳ ናት። ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ ውስጧ ይቀመጥና ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። የባሕሯ ዓይነት ከፊትና ከኋላ ውሃ የማያስገባ የዕቃ ክፍል አላት።

1. መጀመሪያ መንገዱንና ወሩን ወስኑ

ብዙ ሰው ከጀልባ ግዢ ይጀምራል። እኔ ከካርታ ጀምሩ እላለሁ፤ የጀልባዋን ዓይነት፣ የውሃውን መጠንና የልምምዱን ክብደት የሚወስነው መንገዱ ነውና።

የእኔ መንገድ ከጅቡቲ ከተማ በደቡቡ ዳርቻ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ በሰሜኑ ዳርቻ ታጁራን አልፎ እስከ ኦቦክ ነበር። ካርታ ላይ ስለካው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ጭነት የያዘች ካያክ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ደግ ነው። በቀን 25 ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስቡ፤ ስድስት ቀን ይሆናል። በላዩ ላይ ሦስት ቀን ለነፋስ ጨምሩ። እኔ ሦስቱንም ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ ሁለቱን ታጁራ ላይ ሻይ ስጠጣ አሳለፍኳቸው።

ወሩን በተመለከተ ክርክር የለውም። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ጅቡቲ ውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኻምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራማ ነፋስም ከምዕራብ ይነሣል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ያኔም ከምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሄዳችሁ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል፤ ሰው አይነካም። ልብ ግን ያስደነግጣል።

ከኦቦክ አልፎ ወደ ባብ ኤል መንደብ መቅዘፍ አይታሰብ። በአንድ በኩል መርከብ የሚተራመስበት፣ በሌላ በኩል ጦርነት የሚያንዣብብበት ጠባብ መተላለፊያ ነው። ጅቡቲ የበርካታ አገሮች ጦር ሰፈር ያለባት አገር መሆኗንም አትርሱ። በወደቡና በሰፈሮቹ አጠገብ አትቅዘፉ፣ ፎቶ አታንሱ። ከመነሣታችሁ በፊት ለባሕር ዳርቻ ጠባቂዎቹ ዕቅዳችሁን በጽሑፍ አቅርባችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ደብዳቤውን ቢጽፍላችሁ ነገሩ ይፈጥናል።

2. ጀልባዋ

ካያክ የሚሸጥ ሱቅ ደሴም ኮምቦልቻም የለም። ያሉት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፦ ተጣጥፋ በሻንጣ የምትመጣውን በውጭ አገር ዘመድ በኩል ማስመጣት፣ ወይም በቀጭን ኮምፔንሳቶና በፋይበር ግላስ ማሠራት። ተጣጣፊዋን አትናቋት። ጀርመናዊው ሐኪም ሐነስ ሊንደማን እ.ኤ.አ. በ1956 አትላንቲክ ውቅያኖስን ብቻውን የተሻገረው በተጣጣፊ ካያክ ነው፤ 72 ቀን ፈጅቶበታል።

የእኔዋ የተሠራች ናት። ርዝመቷ 5 ሜትር ከ20፣ ወርዷ 58 ሴንቲ ሜትር። ይህ ለባሕር ካያክ የተለመደ ልክ ነው፤ ከዚህ ብታጥር ጭነት አትችልም፣ ብትሰፋ ደግሞ ትጎተታለች። የትኛዋንም ብትይዙ ሦስት ነገር ይኑራት፦ ከፊትና ከኋላ የታሸገ ክፍል፣ ዙሪያዋን የሚሄድ የመያዣ ገመድ፣ የቀዛፊውን ወገብ ከጀልባዋ አፍ ጋር የሚያያይዝ የጨርቅ መሸፈኛ።

ክፍሎቹ ውሃ እንደማያስገቡ በዓይን አይታወቅም። አሮጌ ጋዜጣ ዘርግታችሁበት ክዳኑን ዝጉ፣ ሐይቁ ላይ ሁለት ሰዓት ቅዘፉ፣ ገልብጧትም። ስትከፍቱ የረጠበው ጋዜጣ ቀዳዳው የት እንዳለ ይነግራችኋል። የእኔ የኋላ ክዳን ሦስት ጊዜ ተሠርቶ ሦስት ጊዜ አስገብቷል። አራተኛው ላይ ባለሙያው «ጋዜጣውን አታሳየኝ፣ ገብቶኛል» አለኝ።

ከጀልባዋ ጋር የሚሄዱት ዕቃዎች ላይፍ ጃኬት፣ የእጅ ውሃ መምጠጫ፣ መለዋወጫ መቅዘፊያ፣ ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ፣ ኮምፓስ፣ እንዲሁም መቅዘፊያ ጫፍ ላይ የሚጠለቀው በአየር የሚነፋ ከረጢት ናቸው። ላይፍ ጃኬቱ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ደግሞም ልበሱት፤ ጀልባ ላይ የታሰረ ላይፍ ጃኬት ጀልባዋን እንጂ እናንተን አያድንም።

3. ሐይቅ ላይ መገልበጥን ተማሩ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። ሐይቅ ሀያ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት፣ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ዳር ዳሩን አንድ ጊዜ መዞር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማለትም የባሕሩን የአንድ ቀን ጉዞ ልክ ደጃችን ላይ አስቀምጦልናል።

ከመቅዘፋችሁ በፊት ሰዎቹን ተዋወቁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን የት እንደዘረጉ ጠይቁ፣ በላዩ አትለፉ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ የተመሠረተ ነው፤ ድሮ ደሴት የነበረው ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ሴቶች አይገቡበትም፤ ስለዚህ ሴት ቀዛፊ ማረፊያዋን ከከተማው ወገን ታድርግ። ወንዱም ቢሆን በዋና ልብስ እዚያ ዳርቻ ላይ አይውጣ።

የመጀመሪያው ወር ልምምድ መቅዘፍ አይደለም፣ መውደቅ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ አጠገባችሁ ሰው ቆሞ፣ ጀልባዋን ገልብጡ። ተዘቅዝቃችሁ የወገብ መሸፈኛውን ከፊት ባለው ማሰሪያ ሳቡና ውጡ። ሳትደናገጡ እስክትወጡ ድረስ ደጋግሙት። እኔ የመጀመሪያ ቀን ማሰሪያውን ወደ ውስጥ አጥፌው ነበር፤ ፈልጌ ሳጣው ያለፈችው አራት ሴኮንድ እስከ ዛሬ ትዝ ትለኛለች። ማሰሪያው ሁልጊዜ ከውጭ መሆኑን በእጃችሁ ዳሱ።

ቀጥሎ ጥልቅ ውሃ ላይ መልሶ መግባትን ተለማመዱ። ጀልባዋን አንዴ አልለቃችሁም ማለትን ልማድ አድርጉ። ከረጢቱን መቅዘፊያው ጫፍ ላይ አጥልቁና ንፉት። መቅዘፊያውን ከመቀመጫው ጀርባ ጀልባዋ ላይ አጋድማችሁ ያዙት፤ ከረጢቱ ውሃው ላይ ሆኖ ጀልባዋን ይደግፋታል። በደረታችሁ ተሳቡ፣ እግራችሁን አስገቡ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ከረጢቱ ወገን እያዘነበላችሁ ሰውነታችሁን አዙራችሁ ተቀመጡ። ውሃውን ምጠጡ።

በጸጥታ ውሃ ስትችሉት ተምራችኋል ማለት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ፣ ጀልባዋ ሙሉ ጭነት ይዛ፣ ሦስት ሰዓት ቀዝፋችሁ ክንዳችሁ ሲዝል ሞክሩት። እንደ እኔ ሚዛን በእንዲህ ያለ ሁኔታ አሥር ጊዜ ተከታትሎ ያልተሳካለት ሰው ብቻውን ባሕር መግባት የለበትም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው የሚያወጣው ሌላ እጅ የለም። አውስትራሊያዊው አንድሩ ማኮሊ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአውስትራሊያ ኒውዚላንድ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው ካያኩ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። ከብዙዎቻችን እጅግ የላቀ ቀዛፊ ነበር።

ኃይሉን በተመለከተ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል በመቅዘፍ ጀምሩና በየወሩ አንድ ሰዓት ጨምሩ። በመጨረሻ ሦስት ቀን በተከታታይ፣ በቀን አምስት ሰዓት መቅዘፍ ቻሉ። የሚቀዝፈው ክንድ ሳይሆን ወገብ ነው፤ ከእምብርታችሁ ዙሩ። ክንዱ ከታመመ አቀዛዘፉ ተሳስቷል። በሳምንቱ መካከል ጦሳን መውጣት ትንፋሽ ያበጃል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ባሕር ጠለል ላይ ስትወርዱ ሳንባችሁ ይፈታል። ሙቀቱ ግን የሰጣችሁን መልሶ ይወስዳል።

4. ነፋስን አንብቡ

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ «ልጄ፣ እስከ አራት ሰዓት ውሃው ያንተ ነው፤ ከዚያ በኋላ የራሱ ነው» አሉኝ። የጠዋቱ አራት ሰዓት ማለታቸው ነው። ባሕሩም ላይ ይኸው ይሠራል፦ ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው ነፋሱ ይበረታል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነሡ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ድንኳን ትከሉ።

በዓይን ለመገመት፦ ውሃው ላይ ነጭ አረፋ በየቦታው መታየት ከጀመረ ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሞልቷል። ይህ የእኔ አጥር ነው። ትንበያው ከዚያ በላይ ካለ ከዳርቻ አልነሣም፤ ውሃ ላይ ካገኘኝ ቀርቤ እወርዳለሁ። የባሕር ትንበያ አብዛኛውን ጊዜ በኖት ይነገራል፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 11 ኖት የሚለውን ስታዩ አጥሩ ላይ ደርሳችኋል።

ከሁሉም የሚያታልለው ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነው። ዳርቻው ላይ ስትቆሙ ነፋሱ ከጀርባችሁ ስለሆነ ውሃው እንደ መስተዋት ተኝቶ ታዩታላችሁ። ሦስት መቶ ሜትር ስትገቡ ይጨብጣችኋል፤ ወደ ኋላ ስትዞሩ ደግሞ ፊታችሁን ይመታል። እየደከማችሁ በሄዳችሁ ቁጥር እየራቃችሁ ትሄዳላችሁ። የተከፈተ ባሕር ወደሚወስድ ነፋስ ቀላልም ቢሆን ብቻችሁን አትግቡ። መሄድ ግድ ከሆነ ዳርቻውን ተጠግታችሁ፣ ድንጋይ ብትወረውሩ በሚደርስበት ርቀት ብቻ።

ሐይቅ የማያስተምራችሁ ነገር የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ነው። ባሕሩ በግምት በየስድስት ሰዓቱ ይሞላል፣ ይጎድላል። ታጁራ ላይ ልዩነቱ ከሁለት ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ውሃው እኩል አይነሣም። ልዩነቱን ለ12 ክፈሉት፤ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ይነሣል። ልዩነቱ 2 ሜትር ከ40 ከሆነ በመጀመሪያው ሰዓት 20 ሴንቲ ሜትር፣ በሦስተኛው ግን 60 ነው። ድንኳን ተክሎ «ገና ሩቅ ነው» ብሎ የተኛ ሰው የሚረጥበው በዚህ ስሌት ነው። ደረቁ የባሕር ሣርና ቆሻሻ ተሰልፎ ከቆመበት መስመር በላይ ትከሉ።

ልዩነቱ የሚበዛው ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ነው። እዚህ ላይ ወሎዬ ዕድለኛ ነው፤ ከጎረቤቶቹ አንዱ በባሕረ ሐሳብ፣ አንዱ በሂጅራ አቆጣጠር የጨረቃዋን ዕድሜ ይነግረዋል። በባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ ጉቤት ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ የሚያስገባው ጠባብ በር ግን በእነዚያ ቀናት እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ እኔ በሩን ሳልነካ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ተሻግሬያለሁ።

5. ውሃና ስንቅ

በዚያ ሙቀት ለቀዛፊ በቀን ስድስት ሊትር ያዙ። የመጠጥ ውሃ በምታገኙባቸው ቦታዎች መካከል ሦስት ቀን ካለ 18 ሊትር፣ ለክፉ ቀን ስድስት፤ በድምሩ 24 ኪሎ። ቢጫው የ20 ሊትር ጀሪካን በክዳኑ አፍ አይገባም፣ ቢገባም አንዱ ከፈሰሰ ሁሉም ፈሰሰ። የሦስትና የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካኖችን ሰብስቡ። ሽታው እንዲለቅ በሙቅ ውሃና በሎሚ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡ። ከመቀመጫው ፊትና ኋላ፣ ከታች፣ መካከሉን ይዘው ይቀመጡ፤ ጫፍ ላይ ያለ ክብደት ጀልባዋን ማዕበል ላይ ያከብዳታል።

በምግብ በኩል የውጭ ቀዛፊዎች በውድ ዋጋ የሚገዙትን እኛ ከጓዳ እናወጣለን። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ቴምር። በሶ ውሃ ላይ ተቀምጣችሁ ኮዳ ውስጥ በጥብጣችሁ የምትጠጡት ምሳ ነው። ጭኮ ግን ተውት፤ ቅቤው ቀልጦ የመኝታ ቦርሳዬን አጥምቆልኛል። በላብ የሚወጣውን ጨው ለመተካት ኦአርኤስ በየቀኑ አንድ ሁለት ፓኬት ያዙ።

ለፀሐይ እጀ ረጅም ልብስና ሽርጥ። ሽርጡን ባሕር ውስጥ ነክራችሁ ራሳችሁ ላይ ጠምጥሙት። ጫማ አድርጉ፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እሾሃማ የባሕር ፍጥረት አለ።

6. ወረቀቱ

«ለብቻ» ማለት ማንም አያውቅም ማለት አይደለም። እንዲያውም ብቻውን የሚሄድ ሰው ከቡድኑ ይልቅ የብስ ላይ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። የእኔ ጠባቂ ደሴ ያለችው እህቴ ነበረች። አንድ ወረቀት ሰጠኋት፦ የጀልባዋ ቀለም፣ የልብሴ ቀለም፣ በየቀኑ የማርፍበት ቦታ፣ የምደውልበት ሰዓት፣ ካልደወልኩ ስንት ሰዓት ትጠብቅ፣ ከዚያ ለማን ትደውል።

ወረቀቱን ሐይቅ ላይ ሞከርነው። «12፡00 ላይ እደውላለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ለእኔ፣ የባሕር ትንበያ ሳነብ ለሰነበትኩት፣ ያ እኩለ ቀን ነው። ለእሷ፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ኢትዮጵያዊ፣ ምሽት 12 ሰዓት ነው። ስልኬ በስድስት ሰዓት ሞተብኝ፤ እሷ ምንም ሳይመስላት እስከ ምሽት ቡናዋን ጠጣች። በእውነት ሰጥሜ ቢሆን ስድስት ሰዓት ባከነ ማለት ነው።

ጅቡቲና እኛ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ነን፤ የሰዓት አጠራራችን ግን በስድስት ይለያል። ትንበያውና የሙላት ሰንጠረዡ በእነሱ አጠራር፣ አንዳንዱም በግሪንዊች ሰዓት ይመጣል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሁሉንም በሁለት ዓምድ ጻፉ፦ በእኛና በፈረንጅ። አጠገቡም «ጠዋት»፣ «ቀትር»፣ «ማታ» የሚል ቃል ጨምሩ። ከዚያ ጠባቂያችሁ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ።

ሌላም ነገር ጻፉበት፦ የምትመለሱበትን ሁኔታ። ነፋስ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ትኩሳት፣ የመጠጥ ውሃ ከስድስት ሊትር በታች፣ የተሰበረ መቅዘፊያ። ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ጉዞው ይቆማል፤ ስትደውልላችሁም ትጠይቃችኋለች። ውሃ ላይ ሆኖ ከራስ ጋር መከራከር ቀላል ነው፣ ከእህት ጋር ግን አይቻልም።

7. መገናኛ

ስልክ በውሃ መከላከያ ከረጢት፣ ካርታው አስቀድሞ ወርዶበት። መርከቦች የሚነጋገሩበት የእጅ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ፤ የጭንቀት ጥሪ በቻናል 16 ነው። በ406 ሜጋ ኸርዝ ወደ ሳተላይት የሚልክ የግል የአደጋ ምልክት መስጫ ካገኛችሁ ላይፍ ጃኬቱ ላይ እሰሩት፣ ጀልባዋ ላይ አይደለም። እነዚህን መሣሪያዎች ከማስገባትና ከማስወጣት በፊት በሁለቱም አገር ፈቃድ ጠይቁ፤ ኬላ ላይ ማብራራት ከባድ ነው። ጀልባዋንም ስትወጡ ጉምሩክ ላይ አስመዝግቧት፤ ስትመለሱ እንደ አዲስ ዕቃ እንዳትቀረጥ።

8. መውረድ

ከመውረዳችሁ በፊት ባለው ወር አንድ ሁለት ሰኞ ባቲ ገበያ ዋሉ። አፋሮቹ ይመጣሉ፤ ሰላምታ፣ «ውሃ»፣ «ነፋስ»፣ «እንግዳ ነኝ» የሚሉትን በአፋርኛ ተማሩ። ታጁራና ኦቦክ ዳርቻ ላይ ከፈረንሳይኛዬ ይልቅ ያሳደረችኝ ያቺ የገበያ አፋርኛ ናት።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሾፌሮች ጠይቁ። ጀልባዋን መኪና ላይ ስትጭኑ ከሥሯ አሮጌ ፍራሽ አድርጉ፣ በሁለት ቦታ እሰሩ፣ ከባቲ በታች ቆማችሁ ገመዱን ፈትሹ፤ በሙቀት ይላላል።

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሁሉንም ማግኘት ባይቻል እንኳ ባሕሩ ዳር ቢያንስ አምስት ቀን ቆዩ። ጠዋት ጠዋት ባዶ ጀልባ ቅዘፉ፣ ጨዋማው ውሃ ላይ አንድ ሁለቴ ተገልበጡ። ዓይን ያቃጥላል፤ በጉዞው ቀን አዲስ እንዳይሆንባችሁ።

የመነሻው ዕለት ሌሊት ትንበያውን እዩ፣ ለጠባቂያችሁ ደውሉ፣ ማሰሪያው ከውጭ መሆኑን ዳሱ። በየምሽቱ የእጃችሁን መዳፍና ብብታችሁን በጥቂት ንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ጨውና ላብ ሲፋተጉ ቁስል ያወጣሉ። ኦቦክ ስትደርሱ መጀመሪያ ደውሉ፣ ቀጥሎ የክዳኖቹን ጎማና ዚፖቹን ሁሉ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ። እኔ ይህን ሳላደርግ ስለጫንኳት ደሴ ስደርስ የኋላው ክዳን አልከፈት ብሎኝ ያ ባለሙያ በመሮ አስለቀቀው።